ጦርን በወዳጅ እጅ ማዋቀር፦ ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ የተቀበለችው የወታደራዊ አማካሪነት አገልግሎት ሲገመገም

ሰው ስለ ገዛው ዕቃ ወይም ስለ ተገለገለበት ድርጅት አስተያየት ሲሰጥ፣ ምን ቃል እንደ ተገባለት፣ ምን እንደ ከፈለና በመጨረሻ በእጁ ምን እንደ ቀረ ይናገራል። እኔም ኢትዮጵያ ከ1934 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከሦስት ኃያላን መንግሥታት በተከታታይ የተቀበለችውን አንድ አገልግሎት፣ ማለትም ብሔራዊ ጦሯን በውጭ አማካሪዎች አማካይነት እንደገና ማዋቀርን፣ በዚሁ መለኪያ ልገመግመው ወስኛለሁ። አገልግሎቱ ሰጪና ተቀባይ ነበረው፤ የተፈረመ ውል ነበረው፤ ዋጋውም አንዳንዴ በገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ ግን በመሬት፣ በጦር ሰፈርና በመወሰን ሥልጣን የተከፈለ ነበር። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው እንደ ወዳጅነት ወይም እንደ ክህደት ታሪክ ነው፤ እኔ ግን እንደ ውል ሳየው ይበልጥ ግልጽ ይሆንልኛል።

ጉዳዩን የማነሣው ከቤተሰቤም ስለሚነካካ ነው። አጎቴ በሐረር የ3ኛ ክፍለ ጦር የተሽከርካሪ ጠጋኝ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ከአሜሪካውያን አሠልጣኞች ነው፤ የጥገና መጽሐፉም፣ የዕቃው መጠሪያም፣ ማዘዣ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት ታንኮች ሲመጡ መጀመሪያ ያስቸገራቸው ቋንቋው አልነበረም። ብሎኑ ነበር። የአሜሪካው ብሎን በኢንች የተለካ፣ የሶቪየቱ ደግሞ በሚሊ ሜትር የተለካ በመሆኑ፣ ለዓመታት በእጃቸው የኖረው መፍቻ በአዲሱ ታንክ ላይ አልገጥም አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ልጅ ስለ ነበርኩ እንደ ቀላል ነገር ሰማሁት፤ አሁን ግን የአገልግሎቱን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለዚህ ሦስቱን አገልግሎት ሰጪዎች ስመዝን የማየው መኮንኑ በመጨረሻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከማን እንደ ነበር፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደ ነበር፣ እንዲሁም አማካሪው ሻንጣውን ይዞ በሄደ ማግስት ጦሩ በራሱ ምን መሥራት ይችል እንደ ነበር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውሉ ውስጥ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን የሚታወቀው በችግር ቀን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ አገልግሎት ሰጪ እንግሊዝ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በአገሩ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሞልቶ ነበር፤ መደበኛ ጦር ግን አልነበረም። አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋው በየአውራጃው፣ በየራሱ አለቃ ሥር ነበር። ከወረራው በፊት በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነው ክብር ዘበኛ ፈርሷል፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትም ተዘግቶ፣ ከዕጩ መኮንኖቹ ከፊሎቹ በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ተዋግተው ነበር። በዚህ ላይ ከጣሊያን የተማረከውን መሣሪያ እንግሊዞች የራሳቸው የጦር ምርኮ አድርገው ይቆጥሩት ስለ ነበር፣ ነፃ የወጣው መንግሥት አገሩን የሚያስከብርበትን ጠመንጃ እንኳ ከነፃ አውጪው መጠየቅ ነበረበት።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረሙት ስምምነትና ወታደራዊ ውል በዚህ ሁኔታ ላይ የቆሙ ናቸው። እንግሊዝ ጦሩን የሚያደራጅና የሚያሠለጥን ወታደራዊ ልዑክ በራሷ ወጪ ለመላክ፣ ለመንግሥቱም በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያም በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ ድጎማ ለመስጠት ተስማማች። በወረቀቱ ላይ ይህ ልግስና ነው። ነገር ግን በዚያው ስምምነት ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝን ሳያማክሩ ተጨማሪ የውጭ አማካሪ እንዳይቀጥሩ፣ የምሥራቅ አፍሪካው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የጋራ ጥቅምን ይጎዳል ብሎ የሚያምንበትን ማናቸውንም ከድንበር ውጭ የሚደረግ ወታደራዊ እንቅስቃሴ እንዳያካሂዱ ግዴታ ገቡ። ኦጋዴንና ሌሎች ክልሎች፣ የባቡር ሐዲዱም ጭምር፣ በእንግሊዝ እጅ ቀሩ። በአዲስ አበባም የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ነፃነቷን ገና ያስመለሰች አገር ይህን የፈረመችው ሌላ የምትሄድበት በር ስላልነበራት ነው፤ የዛሬ አንባቢ ሲፈርድ ይህን መዘንጋት የለበትም።

የሥልጠናውን ጥራት በተመለከተ እንግሊዞች የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው። በሜጀር ጄኔራል በትለር የተመራው ልዑክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእግረኛ ሻለቆችን አቋቁሟል፤ ደመወዝን በወር፣ ስንቅን በመዝገብ፣ ማዕረግን በትምህርትና በአገልግሎት የማድረግን ሥርዓት አስገብቷል። ቀድሞ ወታደር የሚያድረው ለጌታው ነበር፤ ጌታው ሲከዳ ይከዳል፣ ጌታው ሲሞት ይበተናል። ከዚህ ወደ መንግሥት ደመወዝተኛነት መሸጋገሩ በእኔ እምነት የዘመናዊው ጦር እውነተኛ መጀመሪያ ነው፤ የእንግሊዙ ልዑክ ባይኖር ይህ ሽግግር በዚያ ፍጥነት ይደረግ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የተፈተነው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። በትግራይ የቀዳማዊ ወያኔ ዐመፅ ሲነሣ፣ የእንግሊዝ መኮንኖች ያሉበት አዲሱ ጦር ብቻውን ሊቋቋመው አልቻለም። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌንና አካባቢውን በቦምብ ደበደቡ። አንድ መንግሥት በገዛ ገበሬዎቹ ላይ የውጭ አገር አውሮፕላን አዝምቶ ጸጥታ ማስከበሩ ማንኛውም ገምጋሚ ዝም ብሎ ሊያልፈው የሚገባ ጉዳይ አይደለም። ጦሩ አሸንፏል ተብሎ ተመዘገበ፤ ያሸነፈው ግን የራሱ ባልሆነ ክንድ ነበር፤ ቁስሉም በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ከልዑኩ ዕድሜ አልፎ ኖሯል።

ውሉ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው አዲስ ስምምነት ሲተካ ተቀባዩ መንግሥት ብዙ አስመልሷል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ቀዳሚነት ቀረ፤ የባቡር ሐዲዱ ተመለሰ፤ ወታደራዊ ልዑኩም ለኢትዮጵያ የጦር ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነ። ኦጋዴን ግን ገና በእንግሊዝ እጅ ነበር። ልዑኩ እስከ 1943 ዓ.ም. ቆይቶ ወጣ። ድርድሩን የመሩት ሰዎች በአንድ ወገን ድህነትን፣ በሌላ ወገን ክብርን ይዘው፣ ሳይጣደፉ ቁልፉን መልሰው በእጃቸው ማስገባታቸውን ባነበብኩ ቁጥር አከብራቸዋለሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ የተማሩት ትምህርት በአንድ አገልግሎት ሰጪ ላይ ብቻ አለመደገፍን ነው። በ1938 ዓ.ም. ገደማ አየር ኃይሉን በደብረ ዘይት እንዲያደራጁ በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩ ስዊድናውያን ተቀጠሩ፤ አውሮፕላኖቹም ከስዊድን ተገዙ። የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችም በስዊድኖች ሠለጠኑ። በኋላ ባሕር ኃይሉን በምጽዋ ለማቋቋም ኖርዌያውያን፣ የሐረር ጦር አካዳሚን ለመምራት ሕንዳውያን፣ አየር ወለዶችን ለማሠልጠን እስራኤላውያን መጡ። እነዚህ ከሦስቱ ኃያላን ጎን ለጎን የሠሩ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ በስፋት ባልጽፍም ለማወዳደሪያ ያስፈልጉኛል። ስዊድንና ሕንድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የጦር ሰፈር አልጠየቁም። የስዊድን መኮንን ደመወዙን የሚቀበለው ከኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ነበረ፣ አለቃው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም ነበር።

ዘዴው የራሱ ጉዳት ነበረው። ክብር ዘበኛው በአንድ መንገድ፣ ምድር ጦሩ በሌላ መንገድ ሠልጥኖ፣ ደመወዛቸውና ክብራቸው እየተለያየ፣ ሁለቱ እንደ አንድ አገር ጦር የሚተያዩ አልሆኑም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ በጄኔራል መርዕድ መንገሻ የተመራው ምድር ጦርና አየር ኃይሉ ከክብር ዘበኛው ጋር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተዋጉ። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይና ክብር ዘበኛውን ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ጥፋቱን በአሠልጣኞቹ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ጦሩን ከፋፍሎ መያዝ የዙፋኑ የራሱ ጥበቃ ነበር።

ሁለተኛዋና ረጅሙን ጊዜ የቆየችው አገልግሎት ሰጪ አሜሪካ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1937 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብፅ ከተገናኙ ጀምሮ ዓይናቸው ወደዚያ ነበር። የእንግሊዙ ልዑክ በወጣበት በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖም ተዋጋ። ከተከታታዮቹ ሻለቆች 121 ሰዎች ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ አንድም ምርኮኛ አልተወሰደም። ይህን ከክፍያው ጋር እቆጥረዋለሁ። የዘመቱት ሰዎች ለጋራ ደኅንነት መርሕ እንደ ተዋጉ አምናለሁ፤ መንግሥት ግን መሥዋዕትነታቸውን ለአሜሪካ ዕርዳታ ደጅ መክፈቻ እንዳደረገውም አይካድም።

ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ሁለት ስምምነቶች በአንድ ቀን ተፈረሙ፤ አንደኛው የወታደራዊ ዕርዳታ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአስመራ የሚገኘውን የሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት ለአሜሪካ የሚሰጥ። ጣቢያው ቃኘው ተባለ፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ የኮሪያ ዘማቾች ስም፣ አሁን ደግሞ የአሜሪካ የመገናኛና የስለላ ጣቢያ ስም ሆነ። አስመራ ከፍታዋና ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ለሬዲዮ ሞገድ መቀበያ እጅግ የተመቹ ስለ ነበሩ፣ አሜሪካ ከኢትዮጵያ በብርቱ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። በወታደራዊ መዝገባቸው ኢትዮጵያ ራሷ ከፍ ያለ ግምት አልነበራትም። የአገልግሎቱ ሁሉ ችግር ከዚህ ይመነጫል፦ ተቀባዩ የሚፈልገው ጠንካራ ጦር፣ ሰጪው የሚፈልገው ጸጥ ያለ አስመራ ነው።

«ማግ» በሚል አጠራር የታወቀው የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪ ቡድን በዚያው ዘመን ሥራውን ጀመረ። ጦሩ በአሜሪካ አደረጃጀት በክፍለ ጦር፣ በብርጌድና በሻለቃ ተዋቀረ፤ 2ኛው ክፍለ ጦር በአስመራ፣ 3ኛው በሐረር፣ 4ኛው በአዲስ አበባ ሰፈረ፤ ወታደሩ ኤም 1 ጠመንጃ አነገተ። ማዘዣ፣ መዝገብ፣ ካርታ፣ የመኪና ጥገና ዑደት፣ የሬዲዮ አጠራር ሁሉ በአሜሪካ ሥርዓት ሆነ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መኮንኖችና ባለሙያዎች አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። እስከ 1969 ዓ.ም. ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወታደራዊ ዕርዳታ ተሰጥቷል፤ ይህም በዚያን ዘመን አሜሪካ ለአፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ ዕርዳታ ግማሽ ያህል ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ ግን ክርክሩ አላቋረጠም። አሜሪካውያኑ የአገር ውስጥ ጸጥታ የሚያስከብር አነስተኛ ጦር ይበቃል ይሉ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ከሶማሊያ ድንበር የሚመጣውን አደጋ እያመለከቱ ትልቅ ጦር ይጠይቁ ነበር። በልመና ያላገኙትን በጉዞ አገኙት ማለት ይቻላል። በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ፣ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አሜሪካ 40,000 ወታደር ያለውን ጦር ለማስታጠቅ በምስጢር ቃል ገባች። በ1958 ዓ.ም. ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላኖች መጡ። ይህ ሁሉ የሚያስገነዝበው የጦሩ ልክ የተወሰነው በአገሪቱ ስፋትና በጠላት ብዛት እንዳልነበር ነው፤ የተወሰነው ሰጪው ተቀባዩን እንዳያጣ በሚፈራው ፍርሃት ልክ ነበር። ፍርሃቱ ሲቀንስ ዕርዳታውም ይቀንሳል፤ እንደ ተፈራውም ሆነ። ሳተላይት የቃኘውን ጣቢያ ጥቅም እየቀነሰው ሲሄድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1965 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ኒክሰን የጠየቁትን መሣሪያ ሳያገኙ ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሌላ ጉድለት ከሥር ይበስል ነበር፤ እኔ በአሜሪካው አገልግሎት ላይ ከማነሣቸው ነቀፌታዎች ሁሉ የሚከብደኝም ይኸው ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛ ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች ዐመፁ። ምክንያቱ የፖለቲካ ርእዮት አልነበረም፤ የውኃ ጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከልክለዋቸው፣ ምግቡም የማይበላ ሆኖባቸው ነው። ሁኔታውን ሊያጣሩ የሄዱትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ወታደሩ የሚበላውን አበሏቸው፣ የሚጠጣውንም አጠጧቸው። ሃያ ዓመት የተደከመበት፣ በጄት አውሮፕላንና በታንክ የተደገፈ ጦር ለአንድ የበረሃ ሰፈር ንጹሕ ውኃ ማድረስ አቅቶት ነበር። ጥፋቱ በዋናነት የአገር ውስጥ አለቆች ነው። ነገር ግን አማካሪዎቹ በየወሩ የመሣሪያ ብዛትና የጥይት ክምችት ሲመዘግቡ የወታደሩን ሰሐን አለማየታቸው፣ ሥራቸው ዕቃን እንጂ ሰውን የማይመለከት እንደ ነበር ይመሰክርባቸዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደርግ የተሰበሰበው በ4ኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአገልግሎት ሰጪ ለውጥ፣ በእኔ ዕውቀት፣ አንድ አገር በጦርነት መካከል ካደረገቻቸው ለውጦች ሁሉ አስጨናቂው ነው። በየካቲት 1969 ዓ.ም. የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቀ። በቀይ ሽብር ዋዜማ ላይ የነበረውን የደርግን ጭካኔ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ሊነቅፍ አይችልም። ደርግ ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. የቃኘውን ጣቢያና የአማካሪውን ቡድን ጽሕፈት ቤት ዘግቶ አሜሪካውያኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። አሜሪካም በበኩሏ የታዘዘውንና በመንገድ ላይ የነበረውን መሣሪያ አስቀረች። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር አልፎ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ወደቀች።

ይህን ጊዜ ነው የአገልግሎቱ እውነተኛ ውጤት የታየው፤ ውጤቱም ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ትምህርቱ በሰዉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የደብረ ዘይት አብራሪዎች አሜሪካውያኑ ከሄዱ በኋላ በጥቂት ኤፍ 5 አውሮፕላኖች የሶማሊያን ሚግ 21 እየጣሉ የኦጋዴንን ሰማይ ያዙ፤ ለገሠ ተፈራ የተባሉት አብራሪ በኋላ ተማርከው ለ11 ዓመት ያህል በሶማሊያ ታስረዋል። ማንም አማካሪ አጠገባቸው አልነበረም፤ ይህ የአሜሪካውያንም፣ ከእነርሱ በፊት መሠረቱን የጣሉት የስዊድኖችም ምስጋና ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ከአማካሪው ጋር ሄዷል። ለጎማ፣ ለክር፣ ለሬዲዮ መለዋወጫ መንግሥት በየአገሩ ይማጠን ነበር። በድብቅ የምትረዳው እስራኤል ነበረች፤ በጥር 1970 ዓ.ም. መጨረሻ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ነገሩን በአደባባይ ሲናገሩት፣ ከሶሻሊስት ወዳጆቹ ፊት የተሳቀቀው ደርግ እስራኤላውያኑን አስወጣ። አጎቴ ከሦስት የቆሙ መኪናዎች አንድ የሚሄድ ይሠሩ እንደ ነበር የሚናገሩት ስለ እነዚህ ወራት ነው።

የሶማሊያ ነገርም ለዚህ ግምገማ ይጠቅማል። እርሷም ጦሯን በሶቪየት መሣሪያና አማካሪ ያዋቀረች ነበረች፤ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ውሏን አፍርሳ አማካሪዎቹን ስታስወጣ፣ ያን ጦር የሚያውቁት ሰዎች ከፊሎቹ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሙ። በአንድ ጦርነት ውስጥ ሁለቱም ተፋላሚዎች አገልግሎት ሰጪያቸውን ለወጡ፤ ለውጡን ቶሎ የጨረሰው ወገን አሸነፈ።

ሦስተኛዋ አገልግሎት ሰጪ ሶቪየት ኅብረት በፍጥነትና በብዛት ከሁለቱም ትበልጣለች፤ ይህን ሳልነፍግ ልናገር። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርና በባሕር ያጓጓዘችው መሣሪያ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። በታጠቅ ጦር ሰፈር ለሚሠለጥነው ሚሊሺያ ጠመንጃ፣ ለምድር ጦሩ ቲ 55 ታንክና የረጅም ርቀት መድፍ ደረሰ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ዘመቻውን በማቀድ ረዱ፤ 15,000 ገደማ የኩባ ወታደሮችም አብረው ተዋጉ። በካራማራ ተራሮች ያለውን የማርዳን በር በሄሊኮፕተርና በተራራ ዙሪያ ተሻግሮ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ያስለቀቀው ዘመቻ በውትድርና ጥበብ የሚያኮራ ነው፤ የካራማራ ድል በየዓመቱ ሲታሰብ የወደቁትን ኢትዮጵያውያን በፍጹም አክብሮት አስባለሁ።

ከድሉ በኋላ ግን የአገልግሎቱ ጠባይ ተለወጠ። ጦሩ በየዓመቱ እየሰፋ በመቶ ሺህ ተቆጠረ፤ መሣሪያው በብድር ስለሚመጣ ዕዳውም በቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ አብዛኛው ብዙ ዘመን ቆይቶ በሩሲያ ተሰርዟል። ከሁሉ የከፋው በእዙ ላይ የደረሰው ነው። በሶቪየት አርአያ የተተከለው የፖለቲካ አመራር በየክፍሉ አዛዡን፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩንና የደኅንነት ሹሙን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ እያንዳንዳቸውም ለየራሳቸው የበላይ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ወታደሩ «ትሪያንግል» ይለው የነበረ አሠራር ነው። አዛዡ ኃላፊ ነበረ፤ ማዘዝ ግን አይችልም ነበር። በሰሜኑ ግንባር ልምድ ያካበቱት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ በሰፈረው የናደው እዝ ግንባር ተረሸኑ፤ ከወር በኋላ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ አፍዓበት ላይ ናደው እዝ ራሱ በሻዕቢያ ተደመሰሰ፤ ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ። ጄኔራሉን የረሸነው ደርግ እንጂ ሞስኮ አይደለችም። ነገር ግን አዛዥን የማይታመን ሰው የሚያደርገው መዋቅር ከአማካሪው ጋር የመጣ ነበር፤ እርሱም እንዲጠገን ሲመክር አልታየም። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ፣ ጦሩ ጥሩ ጥሩ መኮንኖቹን በአንድ ጊዜ አጣ። ጎርባቾቭ የመሣሪያ ውሉን እንደማያድስ ሲያስታውቅም ተተኪ አገልግሎት ሰጪ አልነበረም።

አንድ የሚያማክረኝ ሰው ቢኖር፣ ማለትም ጦሩን በኃያል ወዳጅ አማካይነት ሊያዋቅር የተነሣ የሌላ አገር ባለሥልጣን ቢጠይቀኝ፣ ሦስቱንም ባሉበት መልክ አልመክርለትም። ለመደበኛነት እንግሊዝን፣ ለባለሙያ ሥልጠና አሜሪካን፣ ለአስቸኳይ ጦርነት ሶቪየትን አመሰግናለሁ፤ ሦስቱም ግን ቁልፉን ይዘው ሄደዋል። የምመክረው በ1930ዎቹ ማብቂያ በደብረ ዘይት የተሠራበትን መንገድ ነው፦ አሠልጣኙ በተቀባዩ መንግሥት የሚከፈለው ተቀጣሪ ይሁን፤ የመጀመሪያው ተማሪ ራሱ አሠልጣኝ እንዲሆን በውሉ የተወሰነ ዓመት ይቀመጥ፤ መለዋወጫው ሳይከማች አዲስ መሣሪያ አይግባ፤ የጥገናው መጽሐፍ ጠጋኙ በሚያነብበት ቋንቋ ይጻፍ። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የመሣሪያው ማነስና የሥራው መዘግየት ነው፤ የመንግሥት አለቆችም ብዙ ጊዜ የማይታገሡት ይህን ነው።

አጎቴ በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ወደ ቤታቸው የመጡት ሁለት የመፍቻ ሣጥን ይዘው ነው፤ አንዱ የኢንች፣ ሌላው የሚሊ ሜትር። ኋላ በሐረር ጋራዥ ሲከፍቱ ሁለቱም ሠሩላቸው። የጥገና መጽሐፎቹን ግን፣ እንግሊዝኛውንም ሩስኛውንም፣ የሚያነብላቸው ረዳት ሳያገኙ ቀሩ፤ ለወጣቶቹ የሚያስተምሩት በቃላቸው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ነበር።